የጡት ልጅ መቅኒ

ጎንደር ጥግ ፀዳ ላይ ብቅል የሚፈልግ ሰው «የጥሩ ቤት የት ነው?» አይልም። «የመንቶቹ እናት ቤት» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ስሟ እንዲህ በልጆቿ መዋጡ ጥሩን ቅር ብሏት አያውቅም፤ እንዲያውም በገዛ ስሟ የሚጠራት ሰው ሲመጣ ከመንግሥት ቤት የተላከ ይመስላትና ፊቷን ታጠቁራለች። ገብሷን ትነክራለች፣ በኮባ ቅጠል ትሸፍናለች፣ ድንጋይ ትጭንበታለች፣ ሲጎነቁል ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ከዚያ ቅዳሜ ገበያ ወስዳ ትሸጠዋለች። ብቅሏን የሚነቅፍ ጠማቂ ብዙ አይገኝም፤ ምላሷን የሚችል ገዥም እንደዚሁ። አንዷ መጥታ «ይቺ ብቅል ትንሽ አልደረቀችም?» ብትላት፣ «እቴ፣ እኔና አንቺም ደርቀናል፤ ማን ከገበያ መለሰን?» ብላ መስፈሪያዋን ያነሣች ሴት ናት።

መንቶቹ ማንያዘዋልና ባህሩ ናቸው። ማንያዘዋል ረዥም፣ ቀጭን፣ አንገቱ እንደ ሽመል የወጣ፣ የሂሳብ አስተማሪ። ባህሩ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ አዘዞ ላይ በር የሚበይድ። አንድ ላይ ሲሄዱ ያየ ሁሉ «እነዚህ መንታ ከሆኑ እኔም የጃንሆይ ዘመድ ነኝ» ብሎ ይስቅ ነበር። ጥሩ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ ነበራት። «አንዱ ቀኜን ጠባ፣ አንዱ ግራዬን። ግራዬ ወፍራም ነበር» ትላለች። ሰዉ ይስቃል፣ ነገሩም በሳቅ ይዘጋል። መልሱ እውነት ነበር። ሙሉ እውነት አልነበረም እንጂ።

የቀረው እውነት ድብ ባሕር በሚባል አገር ነው ያለው። ጥሩ ገና ልጅ እግር ሳለች እዚያ ማንያዘዋልን በወለደችበት ሳምንት፣ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ዝናሽም ወንድ ወለደች። ዝናሽ ግን ደሟ አልቆም አለ። ባሏ ለውትድርና ተወስዶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል፤ ዘመድ የሚባል ከወዲያ ማዶ ቢኖርም ራሱን ያልቻለ ነበር። ዝናሽ ከመሞቷ በፊት ያየችው ጥሩን ነው፤ ልጁን ገፋ አደረገችላት። ጥሩ አንሥታ ግራ ጡቷን አጎረሰችው።

በዚያ አገር የጡት ልጅ በአፍ ብቻ አይወሰድም። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ቄስ ይቆማል፣ የምታጠባዋም እጅግ በምትወደው ነገር ትምላለች። አባ ኃይለ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን ዘርግተው «በምን ትምያለሽ?» አሏት። ጥሩ ያን ጊዜ በዓለም ላይ ያላት አንድ ነገር ነበር፤ ቀኝ ጡቷ ላይ ተኝቷል።

«ይህን ልጅ ከሆዴ አልወጣም ያልሁ ለት፣ ማንያዘዋልን ይንሣኝ» አለች።

ሽማግሌዎቹ «አሜን» አሉ፤ እነሱም ላያወሩ ማሉ። ባሏ ሐብተ ማርያም ጠንቃቃ ሰው ስለነበር፣ የማለ ሰፈር ውስጥም አንድ ሰካራም እንደማይጠፋ ያውቅ ነበርና ልጆቹ ገና መራመድ ሳይጀምሩ ቤቱን ነቅሎ ጎንደር ገባ። ፀዳ ያን ጊዜ ሜዳ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሰርካለም ተወለደች፤ ሐብተ ማርያም እሷ ሳትዳር ሞተ፤ እሷም አድጋ ወደ አይከል ተዳረች። ጥሩ የማለችውን መሐላ ረሳችው ማለት አይቻልም። ግን መሐላው ያረፈበትን ነገር ረስታው ነበር። ባህሩ ልጇ ነው፤ በቃ። ስታምጠው ሁሉ ትዝ የሚላት ጊዜ ነበር፤ ይህን ብትናገር የሚያምናት ባይኖርም።

ማንያዘዋልን ያመመው እንዲሁ በድካም ጀምሮ ነው። ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ፊት እንደ ሽማግሌ ያለከልካል። ጥርሱን ሲፍቅ ድዱ ይደማል፤ ማንም ሳይነካው ጭኑ ላይ ሰማያዊ ምልክት ይወጣል። «ምነው ልጄ፣ ማን መታህ?» ብትለው «የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፣ በጥያቄ» ብሎ ያስቃታል። ሆስፒታል ሲገባ የደም ካንሰር ነው አሉት፤ ሉኪሚያ፣ የሚጣደፈው ዓይነት። አልጋ ያዘ፣ ኬሞ የሚሉት መድኃኒት በደም ሥሩ ወረደ፣ ፀጉሩ ረገፈ፣ አፉ ቆሰለ። ደም እያነሰው ስለሄደ ሐኪሞቹ የሚሰጥ ሰው ፈለጉ፤ ባህሩ ከብየዳው እሳት ተነሥቶ ሮጦ መጣና ክንዱን ሰጠ። ሲመረምሩት የሁለቱ ደም አንድ ዓይነት ነው ተባለ።

ያን ዕለት ጥሩ የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ እልል ለማለት ምንም አልቀራት፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነው የተመለሰች። ለካ ወተቷ ደም ሆኗል! ለካ እግዚአብሔር መሐላዋን ቆጥሮላት፣ ከሌላ ሆድ የወጣውን ልጅ በጡቷ አድርጎ ዳግመኛ ፈጥሮላታል! ዋናዎቹ የደም ዓይነቶች አራት ብቻ እንደሆኑና ግማሽ ገበያተኛ ከልጇ ጋር ሊገጥም እንደሚችል የነገራት የለም። ማን ይንገራት? እሷስ ማንን ጠይቃ?

መድኃኒቱ ሠራ። በሽታው ተኛ። ከደሙ ውስጥ ጠፋ አሉ፤ ጥሩ ልጄ ዳነ ብላ ስእለቷን ልታገባ ስትነሣ ዶክተር አላምረው ጠራት። ወጣት ነው፤ ዓይኑ ሥር ግን የሽማግሌ ከረጢት አለው፤ ብቻውን የሚያየው በሽተኛ ለሦስት ሐኪም ይበቃል። ማንያዘዋልና ባህሩ አጠገቧ ተቀምጠዋል። ሰርካለምም በጦርነቱ የተዘጋው መንገድ ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ ስለነበር ከአይከል መጥታ፣ ሕፃኗን ታቅፋ በሩ ጋ ቆማለች።

«እማማ ጥሩ፣ በሽታው አልሄደም፣ ተኝቷል። ይነሣል» አለ ዶክተሩ። «እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት። በሰውነታችን ውስጥ ጠባቂዎች አሉ። በደማችን ውስጥ ይዞራሉ፣ ያገኙትን ሁሉ መታወቂያ ይጠይቃሉ።»

«እንደ ኬላ» አለች ጥሩ። ዘንድሮ ኬላ የማያውቅ የለም።

«አዎ፣ እንደ ኬላ። እያንዳንዷ የሰውነታችን ቅንጣት የቤቱን መታወቂያ በላይዋ ለጥፋ ነው የምትኖረው። የተበላሸችውን ሲያገኙ ያጠፏታል። ካንሰር በእኔም በእርስዎም ውስጥ ስንቴ ሊነሣ ሞክሮ በነሱ እጅ አልቆ ይሆናል፤ እኛ አናውቀውም። የማንያዘዋል ግን ከራሳቸው ከጠባቂዎቹ ወገን ነው የሸፈተው። የቤቱ ልጅ ነው፣ የቤቱን መታወቂያ ይዟል። እያዩ ያሳልፉታል።»

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«ጠባቂዎቹን መለወጥ። የሱን መቅኒ በመድኃኒት እንጠርግና የሌላ ሰው መቅኒ እንሰጠዋለን። አዲሶቹ ጠባቂዎች ከዚያ ይበቅላሉ። የሚሰጠው ሰው መታወቂያ ከሱ ካልገጠመ፣ ቤቱን በሙሉ እንደ ጠላት ያቃጥሉታል። ከገጠመ ግን ቤቱን ይተዉታል፣ የተደበቀውን ሽፍታ በአዲስ ዓይን ያዩታል። ይህን መታወቂያ የሚጽፉት ጂኖች ናቸው። ግማሹን ከአባት፣ ግማሹን ከእናት እንወርሳለን። ስለዚህ የምፈልገው ከአንድ አባትና ከአንድ እናት የተወለደ ሰው ነው። እሱም ቢሆን የሚገጥመው ከአራት አንዱ ነው።»

«ከአራት አንድ» አለ ማንያዘዋል፣ ራሰ በራውን እያሻሸ። «ተማሪዎቼ ሳያጠኑ መጥተው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ላይ ሲያከቡ የሚያገኙት ዕድል ነው። አንዳንዴ ያልፋሉ እኮ።»

ሁሉም ሳቁ። ጥሩ አልሳቀችም። ግማሹን ከአባት፣ ግማሹን ከእናት። ዶክተሩ የእናት መቅኒ በግማሽ እየገጠመ የሚሰጥበት ቦታ እንዳለ፣ በበሽታ ያበጠ ልቧ ግን ለዚያ እንደማይሆን ሲነግራት እንኳ በግማሽ ጆሮ ነው የሰማችው።

«መቅኒውን የሚያዛውሩት ሕንድ አገር ነው፤ አንድ የበጎ አድራጎት ሆስፒታል ሊቀበለው ፈቅዷል። መጀመሪያ ግን የወንድሞቹና የእህቶቹ ናሙና ሄዶ መመርመር አለበት። ስንት ናቸው?»

«መንታው አለ» አለ ማንያዘዋል፣ የባህሩን ትከሻ እየመታ።

«እኔም አለሁ» አለች ሰርካለም ከበሩ። «ከኔም ቅዱ።»

እዚህ ላይ ነበር መናገር የነበረባት። ዶክተሩ ፊቷን እያየ ነው፤ «ሁለቱም ከእርስዎና ከሟች አባታቸው ናቸው?» ብሎ በአፉ ጠይቋታል። አንድ ቃል ነው። ያቺ ቃል ግን ማንያዘዋልን ይንሣኝ ብላ የማለችባት ቃል ናት፤ ልጇን ለማዳን ተብሎ እንዴት ልጇን የሚገድለውን ቃል ትናገር? ደግሞስ ደማቸው ገጥሟል፤ በዓይኗ አይታለች። በዚያ ላይ ባህሩ እዚያው ተቀምጧል፤ እጅጌውን ከወዲሁ ጠቅልሏል፤ ፊቱ ላይ ያለው ደስታ የሠርግ ነው።

«ሁሉም የኔ ናቸው» አለች። «ሰርካለምን ግን ተዉዋት። አራስ ናት። ደሟን ቀድታችሁ ወተቷ ቢነጥፍ ሕፃኑን ማን ያጠባዋል?»

«እማማ፣ ጥቂት ነገር ናት፣ ወተት አትነካም።»

«አይሆንም ብያለሁ! መንታው እያለ በአራስ ላይ መርፌ ምን አመጣው?»

ሰርካለም «እማዬ፣ ምነው?» ብላ ተከራከረች፤ ጥሩ በዚያ ምላሷ አፏን አዘጋቻት። ስለ ወተቱ ያለችውን ግማሹን ታምንበታለች። ሌላው ግማሽ ፍርሃት ነበር፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ከተመረመሩ አንዱ ከሌላው ተለይቶ ይታያል ብላ ፈራች። ዶክተሩ በሩ ላይ የሚጠብቀውን ሰልፍ አየና ተሸነፈ። «እሺ፣ ከመንታው እንጀምር» አለ። ከባህሩ ክንድ ተቀዳ፣ ናሙናው በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄደ፣ ከዚያ ባሕር ተሻገረ። ሰርካለም በማግስቱ አይከል ገባች፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ጠፋ።

ውጤቱን የጠበቁበት ጊዜ ሸጋ ጊዜ ነበር፤ እንዲህ ማለት የሚያምም ቢሆንም። ማንያዘዋል ከሆስፒታል ወጥቶ እናቱ ቤት ገባ፤ ፀጉሩም እንደ ሕፃን ፀጉር ለስልሶ ብቅ አለ። የተማሪዎቹን ፈተና አልጋው ላይ አምጥተውለት ያርማል፣ ያፌዛል። ባህሩ ከሥራ ሲመለስ እግሩ ሥር ይቀመጥና «የኔ መቅኒ ሲገባልህ ማባዛት ትረሳለህ፣ መበየድ ትጀምራለህ» ይለዋል። «አንተ ደግሞ ግድ የለም፣ ከኔ ምንም አትወስድም፤ እንደ ደነቆርህ ትቀራለህ» ይለዋል ያኛው። ጥሩ ብቅሏን እያገላበጠች ታዳምጣለች። አንዳንዴ ሳታስበው ትዘፍናለች፤ ዘፈኗን ስትሰማው ደንግጣ ታቆመዋለች።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተር አላምረው ጥሩንና ባህሩን ጠራ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየ።

«አልገጠመም» አለ። «ግን ያስቸገረኝ እሱ አይደለም። ወንድማማች ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። እዚህ ያለው ግን ምንም የሚገናኝ ነገር የለውም፣ ከአባትም ከእናትም። የሁለት ባዳ ሰዎች ነው የሚመስለው። ናሙናው መንገድ ላይ ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሮ መሆን አለበት። እንደገና ቀድተን እንልካለን። ያሳዝናል፤ ያን ያህል ጊዜ መልሰን መጠበቅ ነው።»

ባህሩ መልስ ሳይጠብቅ እጅጌውን ጠቀለለ። ክንዱ የብየዳ ፍንጣሪ ባቃጠለው ጠባሳ ተዥጎርጉሯል። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ቅዱኝ» አለ። «ምነው ይሄን ያህል ማዘን! ከፈለጋችሁ በባልዲ ቅዱኝ።»

ዶክተሩ መርፌውን ሊያዝ ተነሣ። ጥሩ ያን የተዘረጋ ክንድ አየችው። ዝም ካለች ናሙናው ይሄዳል፣ ያው መልስ ይመጣል፣ ማንያዘዋል እስከዚያ አይቆይላትም። ከተናገረች ደግሞ መሐላው አለ። በሁለቱም በኩል የሚሞተው ያው ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ፍርድ ለማን ተሰጥቶ ያውቃል? ምን አድርጋ ነው? አንድ እናት የሌለው ሕፃን ከማንሣት በቀር ምን አድርጋ?

«አትቅዳው» አለች።

«እማማ፣ ጊዜ የለንም።»

«አልተቀያየረም።» ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። «ከሆዴ አልወጣም። ጎረቤቴ ሞታ ነው ያጠባሁት። ሰርካለምን አምጡ። ከሰርካለም ቅዱ።»

ባህሩ በመጀመሪያ ሳቀ። ምላሷን ያውቃላ፤ በማይቀለድበት የምትቀልድ ሴት ናት። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁ እንደ ጀመረው አልጨረሰውም። ክንዱ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ነው፤ እንዴት እንደሚያነሣው የጠፋው ይመስል ነበር።

ከዶክተሩ ክፍል ውጭ ያለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰው ይወጣል ይገባል።

«ስሟ ማን ነበር?» አላት።

«ዝናሽ። ድብ ባሕር ነው የተቀበረች።»

«ማንያዘዋል ያውቃል?»

«እዚህ አገር ማንም አያውቅም። ከአባትህና ከ...» ጥሩ ቆመች። «ከሐብተ ማርያምና ከኔ በቀር።»

ለምን እንዳረመችው እሷም አታውቅም። አፏ ከመሐላው አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ እውነቱን ሁሉ በትክክል ልናገር ብሎ ይሆናል። ባህሩ ግን እርማቱን ሰማው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«መርፌ ሲወጉኝ፣ እኔ እንደዚያ ስፈነድቅ፣ ታውቂ ነበር?»

«ወተቱ ደም ሆኗል ብዬ ነበር ልጄ። ደማችሁ ገጥሞ ነበር እኮ። በሱ ምዬ ነበር፤ ልጄ አይደለህም ካልሁ እሱን ይንሣኝ ብዬ።»

«ሰርካለም ልስጥ ስትል የከለከልሻትስ?»

ጥሩ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳበች።

ባህሩ ተነሣ። በማግስቱ አይከል ለመሄድ መኪና ፈለገ፤ መንገዱ ላይ ተኩስ አለ ብለው የሚሄድ ጠፋ። በእግሩ ሄደ። በኬላው ሁሉ መታወቂያውን እያሳየ፣ በሁለቱም ተዋጊ ወገን እየተፈተሸ፣ አንድ ቦታ ላይ እጁን ወደ ላይ አድርጎ ግማሽ ቀን ተቀምጦ። ሲደርስ ሰርካለም ምንም አልሰማችም ነበር፤ ወንድሟ ድኖ ሕንድ የገባ መስሏት ነበር። ሕፃኑን አዘለች፣ ባሏ በቅሎ ፈልጎ መንገዱ እስከፈቀደለት ሸኛት፣ የቀረውን በእግር መጡ። ባህሩ ሆስፒታሉ በር ላይ አድርሷት፣ ወደ ፀዳ ሳይሄድ አዘዞ ከሚበይዱት ጓደኞቹ ዘንድ አደረ።

ዘገዩ። በሄደና በመጣ መካከል የማንያዘዋል ድድ እንደገና መድማት ጀምሮ ነበር።

ዶክተሩ እንዲያም ሆኖ የሰርካለምን ናሙና ላከ። ውጤቱን ለጥሩ የነገራት ኮሪደር ላይ ቆሞ ነው፤ ወንበር እንኳ ሳይሰጣት፣ ራሱም መቀመጥ የቻለ አይመስልም።

«የሰርካለም ገጥሟል» አለ። «በሙሉ ገጥሟል። ከዚህ የተሻለ አይገኝም።»

ጥሩ ወደ ሰማይ አየች፤ ኮሪደሩ ውስጥ ሰማይ ባይኖርም።

«ግን እማማ፣ በሽታው ተነሥቷል። ደሙን ሞልቶታል። በዚህ ሁኔታ የሕንዶቹ ሆስፒታል አይቀበለውም፤ መጀመሪያ መልሰን ማስተኛት አለብን። እንሞክራለን። ያን ጊዜ፣ ተኝቶ ሳለ ቢሆን ኖሮ...» ብሎ አቆመ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አልጨረሰውም። ጥሩ እሷው ጨረሰችው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ትጨርሰዋለች።

ሁለተኛው መድኃኒት በሽታውን አላስተኛውም፤ ጠባቂ የተባለውን ሁሉ ከሰውነቱ ጠርጎ አወጣና ለማንም ክፍት አደረገው። ሳል ገባበት። ባህሩ ከአልጋው አይለይም፤ ያነሣዋል፣ ያጥበዋል፣ ያገላብጠዋል፤ ለጥሩ ግን ከ«ውሃ አቀብይኝ» በቀር አይናገራትም። ለማንያዘዋል ነገሩን የነገረው እሱ ራሱ ነው። ማንያዘዋልም «ወፍራሙን ጡት ወስደህብኝ ስታበቃ፣ ወንድምህ አይደለሁም ልትለኝ ነው?» አለው። ባህሩ ፊቱን አልጋው ውስጥ ቀብሮ አለቀሰ።

እናቱን ግን ሌላ ነገር ጠየቃት። ሰርካለም ሕፃኑን ልታጠባ ወጥታ ሁለቱ ብቻ በነበሩበት ሰዓት፣ እየሳለ፣ እያረፈ ነው የተናገረው።

«እማዬ፣ ምነው በኔ ማልሽ?»

«ካንተ የሚበልጥ ምን ነበረኝ?» አለች።

ማንያዘዋል ይህን ሲያስብበት ቆየ፤ አስተማሪ ነውና አንድ የተሳሳተ ነገር ያለበት ሂሳብ ሲያይ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ስሕተቱን ያገኘው አይመስልም። እጇን ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። በዚያው ሳምንት ሞተ።

የትምህርት ቤቱ ልጆች መጡ፣ የሰፈሩ ዕድር ድንኳን ተከለ። ባህሩ ሬሳውን ከፊት ሆኖ ተሸከመ፣ መቃብሩን ከቆፋሪዎቹ ጋር ቆፈረ፣ አፈሩን በእጁ መለሰ። ከቀብር ሲመለሱ ጥሩ ከሰርካለም ጎን በቤተ ዘመዱ ቦታ ተቀምጣ፣ በሌላ ጎኗ ያለውን ቦታ በነጠላዋ ጫፍ ያዘችለት። አልመጣም። ከበያጆቹ ጋር፣ ጎረቤት በሚቀመጥበት፣ ድንኳኑ በር ላይ ተቀመጠ። ሰዉ አየ፣ ሰዉ ተንሾካሾከ፤ የሚያስተዛዝነው ሁሉ ያን ባዶ ቦታ እየዘለለ ያልፍ ነበር። አንዲት ሴት ሳታውቅ ልትቀመጥበት ስትል ጥሩ «ተይ፣ ሰው አለበት» አለቻት።

በሣልስቱ ድንኳኑ ሲፈርስ ባህሩ መጣ። ፊቷ ቆመ፣ ጎንበስ አለ፣ ለቀስተኛ ሁሉ የሚለውን አላት።

«እግዜር ያጥናሽ።»

ጥሩ ክንዱን ያዘችው። ያን የተቃጠለ ክንድ፣ ለመርፌ እንደዚያ በደስታ የተዘረጋውን።

«ባህሩ፣ ግባ። ቤትህ ነው። በሞቴ ግባ። ሌላ ማን ቀረኝ?»

«ሰርካለም አለችሽ» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖር ትችለው ነበር። «እኔን ላለመካድ ብለሽ እሱን አጣሽው። እሱ እየጠበቀ ባለፈው ጊዜ በሙሉ የተላከው የኔ ደም ነው፣ የማይረባው። እዚህ ቤት ገብቼ ብቀመጥ በሱ ቦታ የተቀመጥሁ ነው የሚመስለኝ። አልችልም።»

«ልጄ ነህ» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ። «ይኸው ነው የከበደኝ።»

ጣቶቿን አንድ በአንድ ከክንዱ ላይ አነሣ፣ እንዳያማት ቀስ እያለ። ሰርካለም ልትከተለው ስትነሣ ጥሩ «ተይው» አለቻት። በሩ ላይ የዕድሩ ሰዎች አግዳሚዎቹን ወደ ማከማቻው ሊመልሱ እየጫኑ ነበር። ባህሩ የአንዱን ጫፍ አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገና አብሯቸው ወጣ።